የምሕረት ጎሳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

የማቴዎስ እናት ዛሬ ምሕረትን ጎሳዋን ጠየቀቻት። ምሕረት የነገረቻት ጎሳ የማቴዎስም ጎሳ ነው።

ስለዚህ በወላይታ ደንብ እኅትና ወንድም ሆኑ። አይጋቡም። ለእሁድ ተቀጥረው የነበሩት ሽማግሌዎች አይመጡም።

ይህን የሰማሁት ከራሷ ከምሕረት ነው። አስር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ እኔ ገባች። ተከራዬ ናት፤ ከሰርቪስ ቤቱ አንዷን ክፍል ይዛ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አማርኛ ታስተምራለች፣ ከሥራ መልስ ልቦለድ ትጽፋለች። ማቴዎስ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነው። ከተዋወቁ ዓመት ተኩል ሆናቸው።

«ምሳ ጠርተውኝ ነው» አለች። «ገና እጄን ስታጠብ ጠየቁኝ፣ እትዬ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሁልጊዜ የምለውን።»

ሁልጊዜ የምትለው እውነት አይደለም። ሶዶ ውስጥ ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን።

የማቴዎስ እናት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አለቀሰች። በመጨረሻ ተነሥታ አቀፈቻት፤ «የኛ ልጅ ነህ ለካ! የኛ ደም!» እያለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙም አይለይም። ከዚያ ምሳውን በእጇ አጎረሰቻት።

«ሦስቴ አጎረሱኝ» አለች ምሕረት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

በሥርዓት ልጻፈው።

የተረጋገጠው። ምሕረት የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ አገሯ ከገሱባ አለፍ ብሎ ነው። እናቷ ድስትና ማሰሮ ትሠራለች፣ አያቷም ትሠራ ነበር። አባቷ ሞቷል። ሸክላ ሠሪዎቹ በወላይትኛ መጠሪያ አላቸው፤ ስድብ ሆኖ ስለኖረ አልጽፈውም። ገበሬው አብሯቸው አይበላም፣ ቤቱ አያስገባቸውም፣ ልጁን አይድርላቸውም።

አስራ አንደኛ ክፍል ልትማር ሶዶ ስትገባ የመጀመሪያዋ ቤት አከራይ ጎሳዋን ጠየቀቻት። ክፋት አልነበረውም፤ እዚህ ሰው ሲተዋወቅ የሚጠየቀው እሱ ነው። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የወላጆቿ ጎጆ የተጠጋበትን ባለመሬት ጎሳ ተናገረች። ትልቅ ጎሳ ነው፣ የትም አለ፣ ማንም አይመረምረውም። ዘጠኝ ዓመት ያንኑ ስትል ቆየች። የጎሳውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ደብተርም ይጠፋል።

ስሕተቷ አንድ ነው። የማቴዎስን ጎሳ ጠይቃው አታውቅም። ብትጠይቀው መልሶ ይጠይቃታላ። እሱ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝ ብሎ ነገሩን ንቆት ኖሯል። ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ አንዱ በፍርሃት አንዱ በኩራት፣ ማንኛውም የገጠር እረኛ በመጀመሪያው ቀን የሚያውቀውን ሳይጠያየቁ ዓመት ተኩል ሄዱ።

ያልተረጋገጠው። ማቴዎስ እውነቱን ቢያውቅ ምን እንደሚል።

የኔም ድርሻ ይጻፍ። የማቴዎስን ጎሳ እኔም ጠይቄ አላውቅም። እናቷ ከሁለት ዓመት በፊት ልትጠይቃት መጥታ ደጄ ላይ፣ ከውጭ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ግቢ ብላት እምቢ አለች። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። በነጋታው ምሕረት እንደ ልማዷ ቁርስ ይዛልኝ መጣች፤ እጄ ሳህኑ ጋ ለመድረስ ዘገየ። በላሁ። ግን ዘገየ፣ አይታዋለች። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ወደ እኔ ነበር፤ እናቷ ሩቅና ደካማ ናት ተብሎ። እሁድ ፊታቸው ተቀምጬ ልዋሽ ተዘጋጅቼ ነበር ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በጋዜጣ ሥራ ኖሬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ማቴዎስ ከሥራ መልስ መጣ። ጫማው የኮብልስቶን አቧራ ነው፤ ሰሞኑን ወደ ዳሞታ ተራራ የሚወጣውን መንገድ እየለኩ ነው። አልተቀመጠም።

«እትዬ አማረች፣ ሐዋሳ እንሂድ አልኳት። እዚያ ማን ጎሳ ይጠይቃል? እምቢ አለች።»

«እናትህስ?»

«ትለምደዋለች።»

«እኅቴን አገባሁ ብሎ የመጣን ልጅ?»

ወደ በሩ ዞረ። ቆንጆ ልጅ ነው፣ ትንሽ ቸኩሎ ይናገራል። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ፤ የተናደደ ሰው እንዲያ አይዘጋም። ይህን በበጎ ያዝኩለት።

ከሰዓት በፊት ከድር ጋ ሄጄ ነበር። ከድር የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለው፤ ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ ነው፤ ምሕረት በእጅ የጻፈችውን ልቦለድ ይተይብላታል። ስለ አንዲት ሰናይት ስለምትባል የባንክ ሠራተኛ ነው። ሰናይት ሶዶ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ተረከዙ ረጅም ጫማ ታደርጋለች፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ትደብቃለች። ከድር ሰናይትን ያውቃታል። ምሕረትን ግን አያውቃትም።

«እትዬ፣ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትናገረው? ጣቴ ደከመ እኮ።»

«ደራሲዋን ጠይቃት።»

«ጠየቅኋት። አላውቅም አለችኝ። ደራሲ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በኛም አገር አለ። አባቴ ከነሱ ካንዱ ጋር የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነበር። አብረው ገበያ ይወርዳሉ፣ አብረው ይስቃሉ። ምሳ ሲደርስ ይለያያሉ። ልጅ ሆኜ ጓደኛ ማለት ምሳ ሰዓት ላይ የሚለያይ ይመስለኝ ነበር።»

ማታ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር። አጀንዳ፦ የመጸዳጃ ጉድጓድ። ፈርሜ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

የማቴዎስ እናት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤና አንድ ጠርሙስ የቃሪያ ዳጣ ላከች። መልእክቱም፦ «ለልጃችን። እንዳይከፋው።»

ዓርብ ነው፣ ቅቤ አይቀመስም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ምሕረት እያየችው ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ተበላሸ።

«ምራታቸው ልሆን ስል ቅቤ ልከውልኝ አያውቁም።»

የልቦለዱን ሰባተኛ ምዕራፍ አርሜ ሰጠኋት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዣለሁ፤ ሰዎች በሸክላ ሠሪዋ ድስት እየበሉ ሸክላ ሠሪዋን ይጸየፋሉ የሚለውን። ተቃወመች። እውነት ነው አልኳት፣ ግን ሁሉም ሰው የሚለው እውነት ነው፤ ሰናይት ብቻ የምታውቀውን ጻፊልኝ። ደግሞ ሰናይትሽ ልክ አይደለችም፣ አትራብም፣ አያልባትም፣ ማንንም አትንቅም አልኳት።

«ማንን ትናቅ?»

ስለ አዲስ አበባ ነገርኳት። ጋዜጣ ላይ በተቀጠርኩ ዓመት ቤት ልከራይ ሄጄ ባለቤቲቱ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እመቤትሽ የት አሉ?» አለችኝ። መልኬ ከደቡብ መምጣቴን ይናገራል፣ ሴት ነኝ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ፤ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ቤት ለእመቤቴ የምፈልግ መሰልኳት።

ምሕረት አፏን ይዛ ሳቀች። «ምን አልሻት?»

«እመቤቴ እኔ ነኝ አልኳት። ቤቱን አላከራየችኝም።»

ያልነገርኳት ቀሪው ነው። ያን ለት በንዴት እያለቀስኩ የሄድኩት እኔ፣ ለጊፋታ በዓል አገር ቤት ስመጣ እናቴ ለሸክላ ሻጮች ውሃ የምትሰጥበትን፣ ከውጭ የሚሰቀለውን ቅል አይቼ ምንም አልተሰማኝም። ሁለቱን ያገናኘኋቸው አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «ለሱ ልነግረው ነው።»

«ለምን አሁን?»

«እኅቱን የወደደ መስሎት ሊኖር ነዋ፣ እትዬ። በኔ ውሸት ራሱን ሲጠላ ልየው?»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ነገረችው። ጁስ ቤት፣ ስምንት ሰዓት ላይ።

«ምን አለ?»

«ጁሱን ጠጥቶ ጨረሰ።»

«ከዚያስ?»

«የኔንም ጠጣው።»

ይህ መልስ ይሁን ጥም አይታወቅም። አልመዘገብኩትም። (መዘገብኩት።)

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፤ እናትሽ የት አካባቢ ናት። ከገሱባ በየት እንደሚታጠፍ ነገረችው። ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይመልስም።

«የት የሚሄድ ይመስልሻል?» ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት ሦስቴም።

እሁድ፣ ኅዳር 9

ሽማግሌ ሊመጣበት የነበረው ቀን።

ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጣች። ልብሷን በሙሉ አጠበች። የታጠበውንም አጠበች። መጋረጃውንም። የኔን ጠረጴዛ ልብስ ልትወስድ ስትል ያዝኩት።

ማቴዎስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሞተር መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አንድ ጊዜ ወድቋል፣ ክርኑ ተልጧል። የመጣው ከእናቷ ቤት ነው።

የነገረን እንዲህ ነው። እናቷ ጭቃ ስትረግጥ አገኛት። ማን እንደሆነ ሲነግራት እጇን ሳትታጠብ ቀረች፣ ደነገጠች። በርጩማ አውጥታ ከደጅ አስቀመጠችው። ከዚያ ጎረቤት ወዳለችው የገበሬ ሚስት ሮጠች፤ ለእንግዳው ምሳ እንድታቀርብለት። የገበሬ ልጅ ስለሆነ ከሷ ቤት ይበላል ብላ አላሰበችም። እንግዳ አክባሪነቷ ይህ ነው፤ የራሷን ምግብ ለእንግዳዋ አታቀርብም።

ማቴዎስ የጎረቤቲቱን ምግብ መለሰ። «ያንቺን ስጪኝ» አላት።

«እምቢ አለች፣ እትዬ! ለመነችኝ። እባክህ አለችኝ። እኔ ልበላ፣ እሷ ልታለቅስ። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን።»

«ከዚያስ?»

«እጇን ታጥባ ቆጮ በጎመን ሰጠችኝ። እስክጨርስ ቆማ አየችኝ። ጨው በዝቶበታል።»

«ሁልጊዜ ይበዛባታል» አለች ምሕረት። ከዚህ በኋላ ለሁለቱ ትቼላቸው ዶሮዎቼን ላስገባ ወጣሁ። ዶሮዎቹ ገብተው ነበር።

ሊሄድ ሲነሣ እናቷ ያለችውን ነገረን። «እናትህ ታውቃለች ወይ?» ነው ያለችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ለእናቱ ነገራት።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። «ሦስቴ አጎረስኩት» አለች አሉ። ስለ ምሕረት ነው። ከዚያ ወጥ እንዳያር አውጡት ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ እሳት ላይ ግን ወጥ አልነበረም።

ማቴዎስ ብትፈልግም ባትፈልግም አገባታለሁ ይላል። ምሕረት ደግሞ፦ «እናቱ ከእጄ የማትበላበት ቤት አልገባም። በየበዓሉ ለብቻዬ ሳህን ሲሰጠኝ አልኖርም።» ሁለቱንም አስማማለሁ ብዬ ጀምሬ ተውኩት። ልክ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸሸገችው ከዚያች ለብቻ ከሆነች ሳህን ነው።

ስለዚህ ነገሩ በአንዲት ስልሳ ዓመት ባለፋት ሴት እጅና ጉሮሮ ላይ ወደቀ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የማቴዎስ እናት መጣች። ብቻዋን፣ በጠዋት፣ ምሕረት ትምህርት ቤት መሆኗን አረጋግጣ። በወላይትኛ ነው ያወራነው።

«አማረች፣ አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለፋሲካ እኔ ቤት በላሽ። ለጊፋታ በላሽ። በነጋታው ከሷ ጋር በላሽ።»

«አዎ።»

«እና ምን ሆንሽ?»

ቁጣ ይሁን ጥያቄ አልለየሁም። ፊቷን ሳየው ጥያቄ ነው። እውነተኛ ጥያቄ።

«ወፈርኩ» አልኳት።

ሳትፈልግ ሳቀች። ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችው። ከዚያ እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ለመያዝ ሞክሬያለሁ፦

«እኔ ልጅቷን አልጠላትም። ባልወዳት ይቀለኝ ነበር። አጉርሻታለሁ፣ እጄ አልተቆረጠም። ግን ያኔ አላወቅሁም። አሁን አወቅሁ። አውቄ ከእጇ ስቀበል ጉሮሮዬ እምቢ ቢለኝስ? ፊቷ ላይ ቢመልሰኝስ? ልጅቷን ገደልኳት ማለት ነው። ልጄንም።»

«የሠፈሩ ሴቶችስ?» አልኳት። ይህን መጠየቅ ነበረብኝ።

«እነሱ ከኔ ጋር መብላት ያቆማሉ። አያቆሙም ትያለሽ?»

«አንዳንዶቹ ያቆማሉ።»

«ደግ ውሸት አትችይም አንቺ። ለዚህ ነው ባል ያላገባሽው።»

ተሳሳቅን። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ብርጭቆውን ገልብጣ ስታይ ምሕረት የምትጠጣበት እንደሆነ ልትጠይቀኝ አስባ እንደተወችው ታወቀኝ። እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም።

ውሳኔዋ ይህ ነው። ጾመ ነቢያት ቅዳሜ ይገባል፣ ዓርብም ጾም ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ ትመጣለች። ምሕረት ክፍል ምሳ ትበላለች። ማቴዎስ አይኖርም። ሌላ ሰው አይኖርም፤ ምሕረት፣ እሷ፣ እኔ። ከበላች ሽማግሌዎቹ ይላካሉ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ከገሱባ ማዶ፣ ወደ እናቷ ቤት። ካልበላች ለልጇ ራሷ ትነግረዋለች፣ ማንም እንዲዋሽላት አትፈልግም።

በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ልጅቷ ምን መሥራት ይችላል?» አለች፣ በአማርኛ። ልትወስን የመጣች ሳይሆን ልትጋበዝ የመጣች ሴት ድምፅ ነበር። ወይም እኔ እንዲያ ልሰማው ፈልጌ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ከሥራ በፊትም፣ ለምሳ ስትመለስም ስለ ምግብ ተከራከርን። ሚካኤል ነው፣ ከተማው በዓል ላይ ነው፣ እኛ ግን ስለ ነገ ምሳ።

የኔ ሐሳቦች፦
ዶሮ ወጥ። (ምሕረት፦ «በዓል ይመስላል፣ ያስፈራቸዋል።»)
ክትፎ። (ምሕረት፦ «ጉሮሮ የሚዘጋ ምግብ ባንሰጣቸው።»)
ማካሮኒ በሹካ። ይህን ያልኩት ለሴትዮዋ አዝኜ ነው፤ ሹካው በሁለቱ እጆች መካከል ይገባል።

«አይሆንም» አለች ምሕረት። «ቦይና ነው የምቀቅለው። በቅቤና በዳጣ።»

ቦይና ጎደሬ ነው፤ በትኩሱ በእጅ ይላጣል። ልጣጩን አንሥታ፣ እየቆረሰች፣ በእጇ ታቀብላታለች። መደበቂያ የለውም። ማንኪያ እንኳ አይገባበትም።

«ለምን ራስሽን እንዲህ ትፈትኛለሽ?» አልኳት።

«እኔን አይደለም፣ እትዬ። በሹካ ቢበሉ በልተዋል ብዬ አምኜ እገባለሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሹካ ይጠፋል።»

ጋዜጠኛ መልስ ሲያጣ ዝርዝር ይጠይቃል፤ ስንት ኪሎ እንግዛ አልኳት።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ገበያ ወርደን ቦይናውን መረጥን። እያገላበጠች፣ እያሸተተች፣ እያንኳኳች፤ ቦይና እንደ ድስት አይንኳኳም ብዬ ቀለድኩባት። የእናቷ ልማድ ነው። ሻጯ ሴት እያየች ሳቀች።

ማቴዎስ ሁለቴ ደወለ። ሁለቴም «ምሕረት ምን ትላለች?» አለኝ። ሁለቴም ሥራህን ሥራ አልኩት። ሦስተኛ ሲደውል ምሕረት ተቀበለችኝ፤ የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ ግን ስታወራ በባዶ እግሯ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረችው፣ ስትመለስ ፊቷ ቀለል ብሏል።

ክፍሏ ተጠርጓል። ሦስት ወንበር አላት፣ ሁለቱ የኔ ናቸው። የማቴዎስ እናት የት ትቀመጥ በሚለው ተስማምተናል፤ ከበሩ አጠገብ አይደለም፣ ከውስጥ፣ አልጋው በኩል። መውጣት ከፈለገች በኛ ፊት ማለፍ አለባት። ይህ ጭካኔ ይሆን ብዬ አሰብኩና ወንበሩን በግማሽ ሜትር ወደ በሩ አስጠጋሁት። ምሕረት አየችኝ፣ አልመለሰችውም።

ነገ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 13፣ ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ትብላ አትብላ፣ እስካሁን እሷም አታውቅም።